ያደረ ውሃ ለእትዬ ፋጡማ

የእትዬ ፋጡማ ይመርን ማረፍ የሰማችሁም ገና ያልሰማችሁም ትኖራላችሁ። እትዬ ፋጡማ በረመዳን መግቢያ ሰሞን ጅዳ ውስጥ፣ ሆስፒታል እንደተኙ አረፉ። ወረቀታቸው እስኪያልቅ አስከሬናቸው ቀናት ቆይቶ፣ መካ ሐረም ተሰግዶባቸው እዚያው መካ ተቀበሩ። ይህን የምጽፈው ጅዳ ውስጥ ጉለይል ሰፈር አብረናቸው ለኖርን ሴቶች፣ ሩዋይስ ሰፈር ለሚያውቋቸው፣ አገር ቤትም በሐይቁ ዳር አብረዋቸው ለሠሩ ሰዎች ነው።

ብዙዎቻችሁ ደውላችሁ «ታድለዋል» ብላችሁኛል። የመካ አፈር ለሁሉም አይገኝም አላችሁኝ። እኔም አልሐምዱሊላህ ብያለሁ። ነገር ግን እትዬ ፋጡማ መካ ላይ ቆመው የለመኑት መቀበሪያ አልነበረም። የለመኑትን አጠገባቸው ቆሜ ሰምቻለሁ። እሱን አላገኙም።

እትዬ ፋጡማ የዓሣ ተመራማሪ ነበሩ። የቤት ሠራተኛ የሆኑት በኋላ ነው። ቅደም ተከተሉን የምጠብቀው እሳቸው ይጠብቁት ስለነበር ነው። «ምንድን ነው ሥራዎ?» ሲባሉ «ዓሣ አጠናለሁ፤ ለጊዜው ቤት እጠርጋለሁ» ብለው ይመልሱ ነበር። ጠያቂው ቢስቅም እሳቸው አይስቁም፣ አይቆጡምም። «እታለም፣ ያከራየሁት እጄን ነው፤ ጭንቅላቴን አላከራየሁም» ይሉኝ ነበር። ያን ጊዜ አባባሉን ወድጄላቸው ነበር።

ወሎ ውስጥ፣ በአንድ ሐይቅ ዳር በነበረች ትንሽ የምርምር ጣቢያ ውስጥ ሠርተዋል። ዩኒቨርሲቲ ጨርሰው የሄዱት እዚያ ነው። ጎሕ ሲቀድ ከአጥማጆች ጋር በጀልባ ይወጣሉ፤ የተያዘውን ዓሣ ይለካሉ፤ ሆዱን ከፍተው የበላውን ያያሉ፤ የትኛው ዳር ላይ እንደሚራባ ለይተው ያውቃሉ። አንድ ዓመት ቶሎ የሚያድግ ዓሣ ከሌላ ቦታ መጥቶ ሐይቁ ውስጥ ይለቀቅ የሚል ሐሳብ ከበላይ መጣ። እሳቸው ይህ ዓሣ ጭቃ እየቆፈረ ውሃውን ያደፈርሳል፣ የነባሩን ዓሣ እንቁላል ይጨርሳል፣ መጀመሪያ በኩሬ ይሞከር አሉ። አለቃቸው በስብሰባ መሐል «ወይዘሪት ፋጡማ ለዓሣ የሚያዝኑትን ያህል ለሰው ቢያዝኑ መልካም ነበር» አላቸው። ሰው ሁሉ ሳቀ። ዓሣው ተለቀቀ። የእሳቸው ስም ከጥናቱ ላይ ወጣ፤ እሳቸውም ወደ እህል ዘር መጋዘን ተዛወሩ።

ከመጋዘኑ በር ሐይቁ ይታይ ነበር አሉኝ። ከዚያ በር ሆነው ውሃው ሲደፈርስ አዩት። ከዓመታት በኋላ አንድ የቀድሞ አጥማጅ ጅዳ ድረስ ደውሎ ነባሩ ዓሣ ከመረብ እንደጠፋ ነገራቸው። ስልኩን ዘግተው «ትክክል እንደነበርኩ ስሰማ ደስ የሚለኝ መስሎኝ ነበር» አሉ። ከዚያ የታጠበውን ልብስ አጥፈው ወደ ሥራ ሄዱ። አንድ ሌላ ነገርም ይሉ ነበር፤ «ዓሣ አይጮህም። ሰው የሚሰማው ከሸተተ በኋላ ነው።»

ያ ዘመን ከወሎ ያልተነሣ ሴት የጠፋበት ዘመን ነበር። ከየቀበሌው ልጃገረዱም ባለትዳሩም ወደ ዐረብ አገር ይሄድ ነበር። እትዬ ፋጡማ ሥራቸውን ለቀው በዑምራ ቪዛ መጡና ቀሩ። ሩዋይስ ውስጥ ኡሙ ሳሚ የምትባል ባልዋ የሞተባት ማዳም ቤት ገቡ፤ በኋላ ምሕረት ሲወጣ ልጅዋ ሳሚ ከፊል፣ ማለት ዋስ፣ ሆኖ ኢቃማ፣ የመኖሪያ ፈቃዱን፣ አወጣላቸው። እኔም ደሴ ዐሥራ ሁለተኛን ጨርሼ መጥቼ በሌላ ቤት ልጅ አሳድግ ነበር። ጉለይል ውስጥ በአንድ አሮጌ ሕንፃ ላይ ተጠራቅመን የተከራየነው ቤት ነበር። የዕረፍት ቀናችንን እዚያ እናሳልፋለን።

ቸርነታቸውን ብዙ ሰው ያውቃል። አንዲት ከአሠሪዎችዋ ቤት ሸሽታ የመጣች ልጅ ነበረች። በረኪናና የሽንት ቤት አሲድ ደባልቃ ስታጥብ እጅዋ ተልጦ፣ ደረቷም ታፍኖ ነበር። እትዬ ፋጡማ እጅዋ ላይ ለረጅም ጊዜ ቀዝቃዛ ውሃ ሲያፈሱ ቆዩ፤ ከዚያ ሁላችንንም ሰብስበው ሁለቱን ፈጽሞ እንዳንደባልቅ አስተማሩን። «በረኪና ጀርም ገዳይ ነው ይላሉ። ሕይወት ያለውን ሁሉ ነው የሚገድለው፤ አይመርጥም» አሉን። ከመካከላችን ሩቂያ የምትባል ቀልደኛ ነበረች። «ማዳሜን እንዴት ሳታት ታዲያ?» አለች። እትዬ ፋጡማ በዚህ ሳቁ።

አሁን ወደ ነገሩ ልግባ። የኡሙ ሳሚ ቤተሰብ ከጅዳ ወደ መካ ከሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ ሸለቆ ውስጥ የተምር እርሻ ነበራቸው። ብርዱ ወቅት ሲገባና ለዒድ ቤተሰቡ ወደዚያ ይወጣል፤ እትዬ ፋጡማም ለማብሰልና ለማጽዳት አብረው ይሄዳሉ። በእርሻው ጫፍ አንዲት ምንጭ አለች። ውሃዋ በጥንት ሰዎች በተሠራ የድንጋይ ቦይ ወደ ተምሩ ይፈስሳል። አንድ ቀን ሳህን ሊያጥቡ ወርደው፣ ድንጋይ ላይ በአፉ የተጣበቀ ጣት የማያህል ዓሣ አዩ። ወዲያው ደወሉልኝ።

«እታለም፣ የቦርከና ልጆች እዚህ አሉ» አሉኝ።

ሐበሻ የማይደርስበት የለም፣ ኢቃማ አላቸው ወይ ብዬ ቀለድሁ።

«እነዚህ ባሕሩ ሳይኖር የመጡ ናቸው» አሉ። «ማንም አያስወጣቸውም።»

በኋላ ሲያስረዱን፣ ይህ ዓይነት ዓሣ በእኛ አገር፣ እንደ ቦርከና ባሉ ወንዞች ውስጥ ዘመዶች አሉት። በእኛና በዐረቦቹ መካከል ባሕር ከመግባቱ በፊት መሬቱ አንድ ነበር፤ ባሕሩ ሲገባ ዓሣው በሁለት ወገን ቀረ። በዚህ በኩል የቀረው በየሸለቆው ምንጭ ተለያይቶ ለየራሱ ኖረ። ስለዚህ የአንዲቱ ምንጭ ዓሣ ከሌላዋ ምንጭ የተለየ ሊሆን ይችላል፤ ምንጭዋ ከጠፋች እሱ የትም የለም። ከዚያ በኋላ ወደ እርሻው በሄዱ ቁጥር ሥራቸውን ጨርሰው በሆዳቸው ተኝተው ቦዩን ያዩ ነበር። ማዳም ውሃ ላይ ማፍጠጥ ጂን ያመጣል ብላ ትገስጻቸዋለች። ሳሚ ደግሞ ጠብሰሽ ለመብላት ነው እያለ ይስቃል።

ያች ምንጭ እየደከመች ነበር። ጎረቤቶቹ ጥልቅ ጉድጓድ አስቆፍረው በሞተር ይስቡ ስለነበር ውሃው ወረደ። ሳሚም የራሱን ጉድጓድ ሊያስቆፍር፣ አሮጌውን ምንጭ በሲሚንቶ ሊደፍንና ቦዩን ሊያፈርስ ወሰነ። እትዬ ፋጡማ ለመኑት። በቀና አነጋገር ነው የመለሰላቸው፤ ውሃው የተምሩ ነው፣ ዓሣው ምን ያደርግልኛል አላቸው።

ከዚያ ስልክ መደወል ጀመሩ። ይመለከታቸዋል ወደተባሉ ቢሮዎች በተሰባበረ ዐረብኛቸው እየደወሉ ስለ ምንጭዋ ይናገራሉ። ማን ልበል ሲሏቸው ከሩዋይስ የቤት ሠራተኛ ነኝ ይላሉ። ማዳምሽን አቅርቢ ይባላሉ። ለምን ተመራማሪ ነኝ አይሉም ብዬ ጠየቅኋቸው፤ በኢቃማዬ ላይ የተጻፈውን ነው የሚያምኑት አሉኝ። በመጨረሻ በዩኒቨርሲቲ የሚያስተምሩ አንድ የአገራችን ዶክተር በሰው በሰው ተገኙ። ዶክተሩ አዳመጧቸው። ከባልደረቦቼ ጋር መጥቼ አያለሁ፣ ግን ከሐጅ በፊት አይሆንም፣ እስከዚያ ጥቂቱን በሕይወት ማቆየት ከተቻለ ግን ትልቅ ነገር ነው አሏቸው። ሲሚንቶው ከሐጅ በፊት ይደርሳል። ስለዚህ ዓሣዎቹን ማውጣት ግድ ሆነ።

አንድ ዓርብ ለዑምራ አብረን መካ ሄድን። ሐረም ውስጥ ሁሉም የየራሱን ይለምናል፤ ባል የሚለምን አለ፣ ኢቃማ የሚለምን አለ። እትዬ ፋጡማ እጃቸውን ዘርግተው፣ በግልጽ አማርኛ፣ እነዚያ ዓሣዎች ሰው እስኪመጣላቸው እንዲቆዩ ለመኑ። ለራሳቸው ሲለምኑ አልሰማሁም።

ስንመለስ እርሻው መገንጠያ ላይ ወረድን። ባዶ የዘምዘም ጀሪካን ይዘው ነበር። ሻሻቸውን እንደ መረብ አድርገው ዓሣዎቹን ከቦዩ እየጨለፉ ከምንጩ ውሃ ጋር ጨመሩ፤ ግማሹን ለአየር ባዶ ተዉት። ከዚያ ዋናው መንገድ ላይ ቆመን ወደ ጅዳ የሚመለስ ሚኒባስ ተሳፈርን። ውስጡ ከዑምራ በሚመለሱ ሐበሾች ተሞልቷል። ኬላው ላይ ፖሊሱ ጀሪካኑን አየና አላህ ይቀበላችሁ ብሎ አሳለፈን። ከኋላችን የተቀመጡ የከሚሴ ሽማግሌ ግን አልተዉንም።

«ልጄ፣ ከዘምዘሟ ለበረከት ጉንጭ አድርጊልኝ» አሉ።

«አባባ፣ ይህ ዘምዘም አይደለም፤ የምንጭ ውሃ ነው» አሏቸው እትዬ ፋጡማ።

ሽማግሌው ዞረው ለተሳፋሪው ተናገሩ፤ «ከካዕባ ሥር ዘምዘም ትታ የጅረት ውሃ የተሸከመች የወሎ ሴት ዛሬ አየሁ። የኛ ሰው ምቀኝነቱ ውሃ ላይ ደረሰ።»

ሚኒባሱ በሙሉ ሳቀ። እኔ የራሴን ዘምዘም ለሽማግሌው ቀዳሁላቸው። እትዬ ፋጡማ ጀሪካኑን ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ጉለይል እስክንደርስ እንዳይናጥ በሁለት እጅ ያዙት። ያ መንገድ ላይ ፊታቸው ላይ ያየሁትን መልክ ከዚያ በፊትም በኋላም አላየሁትም። ወጣት መስለው ነበር።

ቤታችን ውስጥ ዓሣዎቹ በትልቅ ሳፋ፣ ከሙከየፉ፣ ከአየር ማቀዝቀዣው ሥር ተቀመጡ። ሩቂያ «እኛ ሙከየፍ ለማግኘት ስንት ማዳም ቀየርን፤ እነዚህ በገቡ ቀን» አለች። መቼ ነው የሚጠበሱት እያለችም ታናድዳቸዋለች። እትዬ ፋጡማ ግን ለሁላችንም ሕግ አወጡ። የቧንቧ ውሃ ክሎር ስላለበት በቀጥታ አይጨመርም። በባልዲ ተቀድቶ፣ ሳይከደን፣ ማደር አለበት። እሳቸው ሥራ ላይ ሲሆኑ ውሃ የምናሳድረውና የምንቀይረው ተራ ይዘን እኛ ነን። ሩቂያ ራስዋ አዲስ ገቢ ሴቶችን «ያደረ ነው? ካላደረ አትንኪያቸው» እያለች ትቆጣ ነበር። የሰው ሥራ ብቻ ስንሠራ ኖረን፣ በዚያ ቤት ያ ሥራ የራሳችን ይመስለን ነበር።

እርሻው ላይ ሲሚንቶው በተባለው ጊዜ ፈሰሰ። ማሽን መጥቶ ቦዩንም አነሣው። እትዬ ፋጡማ ለሠራተኞቹ ሻይ ሲያቀርቡ ዋሉ። ከዚያ ቀን ጀምሮ በሳፋው ውስጥ ካሉት ሌላ የዚያች ምንጭ ዓሣ አልነበረም፤ ወይም እሳቸው የሚያውቁት አልነበረም።

ሐጅ አልፎ ዶክተሩ ደወሉ። ከሁለት ባልደረቦቻቸው ጋር ከነገ ወዲያ እንመጣለን አሉ። የእትዬ ፋጡማ ሐሳብ ዓሣዎቹ በሳፋ ውስጥ ተጨናንቀው ሳይሆን ሰፊ ውሃ ውስጥ ሲዋኙ እንዲታዩ ነበር። ጣራው ላይ ጥላ ሥር የቆመ፣ ማንም የማይጠቀምበት አሮጌ ኸዛን፣ የውሃ ታንከር ነበር፤ የሕንፃው ዘበኛ የመናዊው ሰውዬ ውሰዱት አለ። እኛ ማታውኑ ውሃውን በየባልዲው ቀድተን አሳድረነው ነበር። እሳቸው በዚያ ሳምንት ከዒድ እንግዶች በኋላ የሩዋይሱን ቤት ከላይ እስከ ታች ሲያጥቡ ሰንብተው፣ ቀትር ላይ መጡ። ጫማቸውን ሳያወልቁ፣ እጅጌያቸውን እንደሰበሰቡ ወደ ጣራ ወጡ። ኸዛኑን እጥብ አድርገው አጠቡት። ከዚያ ያደረውን ውሃ ተቀባብለን ሞላንላቸው፤ ዓሣዎቹንም በእጃቸው ለቀቁ። ወርደው ሲቀመጡ «ንጹሕ አደረግሁላቸው» አሉ።

የበረኪናው ሽታ በሁላችንም አፍንጫ ውስጥ ነበር። ማናችንም አልጠየቅንም። ያ ሽታ ከእጃችን፣ ከልብሳችን፣ ከትራሳችን የማይጠፋ የሁላችንም ሽታ ስለነበረ፣ ከየት መጣ ብሎ የሚጠይቅ ሰው በዚያ ቤት አልነበረም።

ከሰዓት፣ ከዐስር ሶላት በኋላ ወደ ጣራው ወጣን። ዓሣዎቹ ሁሉ ሆዳቸው ወደ ላይ ሆኖ ውሃው ላይ ተኝተዋል። እትዬ ፋጡማ እጃቸውን ውሃው ውስጥ ከተቱ፣ አወጡና አሸተቱት። ሩቂያ ማልቀስ ጀመረች። እሳቸው አላለቀሱም። እጃቸውን የሌላ ሰው እጅ ይመስል ሲያዩት ቆዩና ወደ እኔ ዞሩ።

«ጭንቅላቴ ሳይሰማ እጄ ሠራው» አሉ። «እታለም፣ ያከራየሁት መስሎኝ ነበር። ሸጬዋለሁ።»

በማግስቱ ዶክተሩና ባልደረቦቻቸው መጡ። በመስታወት ብልቃጥ ውስጥ የተቀመጡትን የሞቱ ዓሣዎች አዩ። ከመካከላቸው አንዱ ኸዛኑን አሽትቶ ይህን ማን አጠበው ብሎ ጠየቀ። ሩቂያ እኔ ነኝ ለማለት አፍዋን ከፍታ ነበር። እትዬ ፋጡማ ቀደሟት።

«እኔ ነኝ» አሉ።

ዶክተሩ ደግ ሰው ናቸው። በቤተ ሙከራ ውስጥም እንዲህ ያለ ስሕተት ይደርሳል፣ በራስዎ አይፍረዱ አሏቸው።

«በእርስዎ ቤተ ሙከራ ቢሆን ስሕተት ነው» አሉ እትዬ ፋጡማ። «እኔ ጋ ግን ሥራዬ ነው። በደንብ ነው የሠራሁት።»

እንግዶቹ ብልቃጡን ይዘው ሄዱ። ወደ እርሻውም ደርሰው የደረቀውን ሲሚንቶ አይተው ተመለሱ። ዶክተሩ በኋላ ደውለው፣ ዓሣው እስካሁን ያልተጻፈ ዓይነት ሊሆን እንደሚችል፣ በሕይወት ያለ ሳይገኝ ግን ብዙ ማለት እንደማይቻል ነገሯቸው። እትዬ ፋጡማ አመስግነው ዘጉ። በማግስቱ ሩዋይስ ሄደው እንደ ወትሮው ሠሩ። ከዚያ ወዲያ ሥራዎ ምንድን ነው ሲባሉ የመጀመሪያውን ትተው ሁለተኛውን ብቻ መናገር ጀመሩ። አብሬያቸው በኖርሁባቸው ዓመታት ከዚህ የከፋ ነገር አልሰማሁም።

በእሳቸው የሚፈርድ ሰው ካለ ይህን አስቦ ይፍረድ። ከመርከብ ላይ እንደሚጥሉት ዕቃ ከሐይቃቸው ያወረዷቸው ሰዎች ዛሬም በማዕረግ ይጠራሉ። ስልኩን የዘጉባቸው ሰዎች የዘጉት ምን እንደሆነ አያውቁም። ሲሚንቶውን ያፈሰሰው የራሱን መሬት ነው የደፈነው። ጥፋቱ ሁሉ ተዟዙሮ፣ ዓሣዎቹን ብቻዋን ለማዳን የሞከረች ሴት እጅ ላይ አረፈ። እንዲህ ሲሆን አይቻለሁ፤ አልረሳውም።

የሞቱት በሳንባ ነው። ሐኪሙ ለረጅም ዘመን ምን ሲተነፍሱ ኖረዋል ብሎ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ጻፈው። ሳሚ ከሄደበት አገር ሲመለስ ወረቀቱን ጨረሰ፤ መካ እንዲሰገድባቸውና እንዲቀበሩ ያደረገውም እሱ ነው። ጥሩ አድርጎ ነው ያደረገው፤ እኔም አመስግኜዋለሁ። ምንጭዋን የደፈነውም ይኸው ሰው ነው። ሁለቱንም ጻፍኳቸው፤ አንዱ ሌላውን አያጠፋውም።

እትዬ ፋጡማ፣ አሁን እርስዎን ላነጋግር። ገላዎን ያጠብሁት እኔና ሩቂያ ነን። ወረቀቱ በዘገየባቸው ቀናት ውስጥ ውሃ ቀድቼ፣ ባልዲውን ሳልከድን፣ መስኮት ሥር አሳደርሁት። ከዚያ በእነዚያ በምናውቃቸው ጀሪካኖች ሞልቼ ወደ ማጠቢያው ቤት ይዤ ሄድሁ። የቤቱ ሠራተኛ ቧንቧ እያለ ለምን ተሸከምሽ አለችኝ። ጀሪካኑን ስታይ ደግሞ ዘምዘም ነው ወይ ብላ ጠየቀችኝ፤ አይደለም አልኋት። ወለሉ ገና በበረኪና ታጥቦ ነበር፤ ሩቂያ በሩን ከፍታ ሽታው እስኪወጣ ጠበቅን። መጀመሪያ እጅዎን አጠብሁ። ቀኙን፣ ከዚያ ግራውን፣ በጣቶችዎ መካከል ሁሉ። ከዚያ አሸተትሁት። ምንም አልነበረበትም።

የዓሣ ተመራማሪዋ እትዬ ፋጡማ፣ ውሃው ያደረ ነው። በሰላም ይሂዱ።